በመንዝ ደጋ ውሃን በጥቂት ኩበት ስለ ማሞቅ

ብርድ በሚጸናበት በመንዝና በግሼ ደጋ የሞቀ ውሃ የቅንጦት ነገር አይደለም። የመሸበት እንግዳ እግሩን የሚታጠበው፣ አራስና ሕፃንም ገላቸውን የሚታጠቡት በሞቀ ውሃ ነው። ይህም ውሃ በብዙው የገጠር ቤት የሚሞቀው በሦስት ጉልቻ ላይ፣ በኩበት ወይም በባሕር ዛፍ እሳት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው፣ ያንኑ ውሃ በግማሹ ኩበት ለማሞቅ የሚቻል መሆኑንና የሚቻልበትን ምክንያት ነው።

ኩበት በገንዘብ ስለማይገዛ ዋጋ የሌለው ይመስላል። ነገር ግን እበትን ምድጃውና የገብሱ ማሳ ይሻሙበታል። ማሳው ውስጥ ቢገባ ዐፈሩን ያዳብራል፤ ቢነድ ግን በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ በአመዱ ውስጥ የሚቀረው ፎስፎረስ፣ ፖታሲየምና የመሳሰለው ብቻ ነው። የማገዶው እንጨትም ነገር እንዲሁ ነው። የጓሳ ሣርና ቁጥቋጦ ቄሮ በሚባለው የአገሩ ሕዝብ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ሲጠበቅ ኖሮ፣ ሥርዓቱ በ1967 ዓ. ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ምክንያት ፈረሰ፤ በኋላ ግን ጥበቃው በአዲስ መልክ ተቋቁሟል። ስለዚህ ከምድጃ የሚተርፈው ኩበት ለማሳው፣ የሚተርፈውም ጭራሮ ለጓሳው ትርፍ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 1 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋል። ለገላ መታጠቢያ 20 ሊትር ውሃ ከ10 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 600 ኪሎ ካሎሪ ይበቃል ማለት ነው። አንድ ኪሎ በደንብ የደረቀ ኩበት በግምት 3000 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። እንግዲህ እሳቱ በሙሉ ለውሃው ቢደርስ ኖሮ 200 ግራም ኩበት በበቃ ነበር። ነገር ግን በነፋስ መካከል በተጣደ ጉልቻ ላይ ለውሃው የሚደርሰው ሙቀት ከመቶ 10 እጅ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ 2 ኪሎ ይነዳል። የቀረው ሙቀት በድስቱ ጎን እያለፈ ቤቱን በጢስ ሞልቶ ይጠፋል። ይህን 10 እጅ ወደ 20 ብናደርሰው 1 ኪሎ ኩበት ይተርፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ኩበቱ ፈጽሞ ይድረቅ። እርጥብ ኩበት አስቀድሞ የራሱን ውሃ ማትነን አለበትና።

ሁለተኛ፣ ጉልቻው ይከለል። ጭቃን ከገለባ ጋር አቡክቶ በዙሪያው ግድግዳ ማቆም፣ በፊት በኩል ማገዶ የሚገባበትን አፍ መተው፣ በግድግዳውና በድስቱ መካከልም አንድ ወይም ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ብቻ ማስቀረት ነው። ያን ጊዜ ነበልባሉ የድስቱን ቂጥ ብቻ ሳይሆን ጎኑንም እየላሰ ይወጣል። ኩበቱ በብረት ርብራብ ላይ ከፍ ቢልና አየር ከሥሩ ቢያገኝ ደግሞ ጢሱ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ድስቱ ይከደን፤ ለመታጠቢያም የሚሆን ውሃ አይፍላ። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ውሃ እዚያ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ዝቅ ባለው በመርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ ደግሞ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ነው። ከፈላ በኋላ ማገዶ ቢጨመርበት ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ እንፋሎት ይሆናል እንጂ። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሲጠፋ 540 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይዞ ይሄዳል፤ ይህም 18 ሊትር ውሃ ከ10 ወደ 40 ዲግሪ የሚያሞቅ ነው። የሚጠጣ ውሃ ግን መፍላት አለበት፤ በዚህ ከፍታ ተንፈቅፍቆ 3 ደቂቃ ከቆየ ይበቃዋል።

አራተኛ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የሚባክነው ሙቀት ይሰብሰብ። በ1980ዎቹ ዓ. ም. የተሠራው ምርት የተባለው የእንጀራ ምድጃ ጢሱ በሚወጣበት በኩል ድስት የሚቀመጥበት ስፍራ አለው። እዚያ የተጣደ ውሃ ተጨማሪ ማገዶ ሳይጠይቅ ይሞቃል።

አምስተኛ፣ የሞቀው ውሃ ይሸፈን። የመንዝ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ባና ሙቀት አይፈጥርም፤ የለባሹን ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ። ከእሳት የወረደውን ድስት ገለባ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጦ በአሮጌ ባና ቢጠቀልሉት፣ በማታ የሞቀው ውሃ ዳግመኛ እሳት ሳይነድለት ለብዙ ሰዓት ሞቅ እንዳለ ይቆያል።

የበጋው ፀሐይም አይናቅ። በደጋ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ብርቱ ነው። ጥቁር ጀሪካን ነፋስ በማይነካው ግድግዳ ሥር፣ በገለባ ላይ ቢቀመጥ ውሃው ከቀትር በኋላ ለብ ይላል። ከ10 ዲግሪ ይልቅ ከ25 ዲግሪ የሚጀምር ውሃ 40 ዲግሪ ለመድረስ የሚፈልገው እሳት ግማሽ ብቻ ነው።

አንዳንድ አንባቢ ይህ ሁሉ የገጠር ነገር ነው፤ በከተማ ቦይለር አለ ይል ይሆናል። ሕጉ ግን አንድ ነው። ያልተሸፈነ ቦይለርና ረዥም ቧንቧ ነፋስ እንደሚመታው ጉልቻ ሙቀትን ያባክናሉ። ልዩነቱ የቦይለሩ ኪሣራ በመብራት ሒሳብ ተጽፎ ሲመጣ፣ የጉልቻው ግን በሚቀጥለው ዓመት በገብሱ ማነስ የሚታይ መሆኑ ነው።

ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጭቃ፣ ገለባ፣ ክዳንና አሮጌ ባና በየቤቱ አሉ። ይሁን እንጂ ምድጃውን የምታውቀው እመቤቲቱ ናትና፣ ወደ ደጋው የሚሄድ ተማሪ ከማስተማሩ በፊት እርሷን መጠየቅ ይገባዋል ብለን እናምናለን።