ከካምፓላ የመጣ ትኩሳት

ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የጉርድ ሾላ ጎረቤቶቼ ግን ዛሬም «ሲስተር» ነው የሚሉኝ። ልጆቹን ይዞ ለሥራ ወደ ካምፓላ፣ ወደ ጁባ ወይም ወደ ሉሳካ የሚሄድ ሰው ሲኖር ስለ ክትባት ሊጠይቀኝ ጎራ ይላል። እኔም ስለ ወባ ሳልነግረው አልሸኘውም።

ባለፈው ዓመት ልጄ ለሁለት ዓመት ካምፓላ ሲመደብ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ሄደ። ሲዘጋጁ ወሬው ሁሉ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ እንጀራ ነበር። (እንጀራውስ አያሳስብም፤ ካባላጋላ የሚባለው ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቶበታል።) ስለ ወባ ሳነሳ ምራቴ «እማማ፣ እሱንማ ተከተብን እኮ» አለችኝ።

የተከተቡት የቢጫ ወባ ነው። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቢጫ ወባ በቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ ይሰጣል፣ ካርዱም ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ከወባ ግን አያድንም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ልጆቻችን ወባን አያውቁትም፤ ሰውነታቸው አልተለማመደውም። ካምፓላ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ካደገ ልጅ ይልቅ በእኛው ላይ ይጠናል። በ1950 መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወረርሽኙ ወደ ደጋው ሲወጣ 150 ሺህ ያህል ኢትዮጵያዊ እንደሞተ ይገመታል። አያቶቻችን «ንዳድ» እያሉ ቆላ መውረድን የፈሩት በከንቱ አልነበረም።

ለገና መጡልኝ። በስምንተኛው ቀን ማታ የአምስት ዓመቱን ልጅ አተኮሰው፤ አስመለሰውም። ሙቀት ለምዶ የእኛ ብርድ መታው ብዬ ፓራሲታሞል ሰጥቼ አስተኛሁት። ስንቱን በሽተኛ «ከየት መጣህ?» ስል የኖርኩ ሴት፣ የራሴን የልጅ ልጅ አልጠየቅሁም!

ጠዋት ክሊኒክ ወሰድነው። ወጣቱ ሐኪም ጉሮሮውን አይቶ የቶንሲል መድኃኒት ሊጽፍ ሲል ባነንኩ። «ልጄ፣ ከዩጋንዳ ነው የመጣው፤ ደሙ ይታይልኝ» አልኩት። «ማዘር፣ ይህን መጀመሪያ ቢነግሩኝስ?» አለ። እውነቱን ነው። ፋልሲፓረም ተገኘበት። ይህ ዓይነቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ሊከፋ ይችላል፤ እኔ ደግሞ አንድ ሙሉ ሌሊት አባክኛለሁ። ተመስገን፣ ዳነ።

አጎበሩስ? ገዝቼ የላክሁት ከነላስቲኩ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል። ቤቱ ዘመናዊ ነው፣ ቬንትሌተር አለው ተብሎ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ከመሄዳችሁ በፊት በልጁ ኪሎ ልክ የሚሰጥ የወባ መከላከያ ክኒን ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪም ጠይቁ። አጎበሩም ማታ ማታ ይዘርጋ። አያቶች ደግሞ፣ ከዚያ የመጣ ልጅ ሲያተኩሰው፣ ከመጣ ሦስት ወር ቢሞላውም እንኳ፣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ በፊት አገሩን ተናገሩ።

አሁን ማታ በቪዲዮ ስንደዋወል ትልቋ ገና ሰላም ሳትለኝ ስልኩን ወደ አልጋው ታዞርና የተዘረጋውን አጎበር ታሳየኛለች። አንዳንዴ ወንድሟ ከውስጡ ምላሱን አውጥቶ ይስቅብኛል።