ኮቴ የሚለይ ሄድፎን

በካውንተር-ስትራይክ ጠላት ከመታየቱ በፊት ይሰማል። የሚሮጥ ተጫዋች ኮቴው ከግድግዳው ወዲያ ያሳብቅበታል፤ መደበቅ የፈለገ ሺፍት ተጭኖ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ስለዚህ ለፉክክር የሚጫወት ሰው መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ስለ ሄድፎኑ ነው። ጆሮን የሚያቅፍ፣ ለሰዓታት ሲደረግ የማያሳምም ይሁን፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው “7.1” ነው። ገዢው ሰባት ስፒከርና አንድ ቤዝ በጆሮው ዙሪያ የተደረደሩለት ይመስለዋል። አብዛኞቹ ውስጥ ያሉት ግን ሁለት ስፒከሮች ብቻ ናቸው፤ ሌላው የሶፍትዌር ሥራ ነው። ሁለቱ ደግሞ ይበቃሉ።

ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮን ቀድሞ ይነካል። ልዩነቱ አንድ ሺህኛ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ አንጎል ግን አይስተውም። ቀጭኑን ድምፅ ደግሞ ጭንቅላታችን ስለሚከልለው ለግራው ጆሮ ተዳክሞ ይሰማዋል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ይህን እ.ኤ.አ. በ1907 አብራርቶታል። ልክ ከፊትና ልክ ከኋላ የሚመጣ ድምፅስ? ሁለቱም ለሁለቱ ጆሮዎች እኩል ይደርሳሉ። እዚህ ላይ የሚደርስልን የውጪው ጆሯችን ቅርጽ ነው። እጥፋቶቹ ከፊት የመጣውን ድምፅ በአንድ መልክ፣ ከኋላ የመጣውን በሌላ፣ ከላይ የመጣውንም እንዲሁ ለይተው ይቀርጹታል፤ አንጎልም መልኩን አይቶ አቅጣጫውን ያውቃል። ጌም ሠሪዎች ይህንኑ ቀረጻ በሂሳብ አስልተው፣ ኤችአርቲኤፍ ብለው በጨዋታው ውስጥ አስገብተውታል፤ በካውንተር-ስትራይክ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በቫሎራንት በ2021።

ታዲያ ጨዋታው አንዴ የቀረጸውን ድምፅ የሄድፎኑ “7.1” ደግሞ ሲቀርጸው ኮቴው ይደበዝዛል፤ ፊትና ኋላው ይምታታል። የጎረቤቴ ልጅ “ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚገድሉኝ” እያለ ሲያማርር የሄድፎኑን “7.1” አጥፍቼ የጨዋታውን ኤችአርቲኤፍ አበራሁለት። ትንሽ ቆይቶ “ጋሼ፣ ይሄኛው ከላይ ነው የሚመጣው!” አለኝ። ሁለቱን ባንድ ላይ አብርታችሁ ጨዋታውን አትውቀሱ።

የእኔ ምርጫ ጀርባው ክፍት የሆነው፣ እንደ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ያለው ነው። ድምፁ ጭንቅላት ውስጥ ታፍኖ አይቀርም፤ ራቅ ብሎ፣ ቦታ ቦታውን ይዞ ይሰማል። የተሠራው ለስቱዲዮ ነው፤ የሚያብለጨልጭ መብራትም ሆነ “ጌሚንግ” የሚል ጽሑፍ የለበትም። ባለ 250 ኦሙን ስልክ ላይ ብትሰኩት ግን ድምፁ ያንሳል። ሰው በሚንጫጫበት ጌም ቤት ደግሞ ክፍቱ አይሆንም፤ ለዚያ ጀርባው ድፍን የሆነው ዲቲ 770 ይሻላል። ቤዙ ከልክ በላይ የሚደልቅ ሄድፎን ይቅርባችሁ፤ ፍንዳታው ኮቴውን ይውጠዋል።

በብሉቱዝ ሄድፎን ፐብጂ ሞባይል የምትፎካከሩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከጓደኛ ጋር ለማውራት የሄድፎኑ ማይክ ሲከፈት፣ በተለመደው ብሉቱዝ ድምፁ ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳል፤ ግራና ቀኙም አንድ ይሆናል። ኮቴው ይሰማል፣ ከየት እንደሆነ ግን አይታወቅም። ባለ ገመድ ወይም የራሱ የዩኤስቢ መቀበያ ያለውን ግዙ። ስታደርጉትም የግራውን በግራ ጆሮ አድርጉ፤ ገልብጦ አድርጎ ኮቴው በቀኝ ሲመጣ ወደ ግራ የሚዞር ተጫዋች ብዙ አይቻለሁ።