ውኃው ሲሳብ መሬቱ ይሰምጣል፤ ኪሳራውን ማን ይከፍላል?
ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የሚገኝበት የመካከለኛው ፍሎሪዳ ገበያ የቆመው በኖራ ድንጋይ ላይ ነው። የዝናብ ውኃ ድንጋዩን እያሟሟ ዋሻ ይፈጥራል፤ ዋሻውን የሞላው የከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ አፈሩን ደግፎ ይይዛል። ሆቴሎች፣ የጎልፍ ሜዳዎችና እርሻዎች ውኃውን ከመጠን በላይ ሲስቡ ድጋፉ ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የፕላንት ሲቲ እንጆሪ አምራቾች ተክላቸውን ከውርጭ ለማዳን ለ11 ቀናት ውኃ ሲረጩ ከ100 በላይ ጉድጓዶች ተከፍተዋል። በነሐሴ 2013 ደግሞ ከዲዝኒ በስተምዕራብ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሕንፃ በከፊል ሰምጧል።

በግዛቲቱ ሕግ የመድን ድርጅቶች የግድ የሚሸፍኑት ቤቱን በመንግሥት ትዕዛዝ የሚያስለቅቅ ድንገተኛ መደርመስን ነው። መሬቱ ሰርጎ ግድግዳ ቢሰነጠቅ ግን ተጨማሪ አረቦን ያልከፈለ ባለቤት ወጪውን ራሱ ይችላል። ቤት ገዢ ከዋጋው በፊት የመድን ውሉን ቢመለከት ይበጀዋል።