የተበላሸ ባክሆ፤ ይጠገን ወይስ ይሸጥ?

ባክሆ ማለት ከፊቱ ሰፊ አካፋ፣ ከኋላው ደግሞ የመቆፈሪያ ክንድ ያለው የግንባታ መኪና ነው። በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ሲሪል ባምፎርድ እ.ኤ.አ. በ1953 ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድ ትራክተር ላይ አጣምሮ ከሠራ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ዋጋው ውድ በመሆኑ ብዙ ተቋራጮች የሚገዙት ያገለገለውን ነው። ያገለገለ መኪና ግን በሥራ መካከል ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ ባለቤቱ «ላስጠግነው ወይስ ልሽጠው?» ብሎ መጨነቁ አይቀርም።

ሕመሙ ሳይታወቅ መድኃኒት እንደማይታዘዝ ሁሉ፣ ብልሽቱ ሳይለይ መወሰን አይገባም። ከሁሉ አስቀድሞ የዘይቱን መጠንና የማጣሪያውን ንጽሕና ማየት ያስፈልጋል፤ ከባድ መስሎ የታየው ችግር በተደፈነ ማጣሪያ ብቻ የመጣ ሊሆን ይችላልና። ቀጥሎ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የሃይድሮሊኩ ክፍል ይመረመራሉ። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ያቃጥላል ማለት ነው። የሞተሩ ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። በካምቢዮው ዘይት ውስጥ የብረት ፍርፋሪ ከተገኘ ጥርሶቹ ወይም ኩሽኔታዎቹ እየተበሉ ናቸው።

አካፋውንም ክንዱንም የሚያንቀሳቅሰው በፓምፕ የሚገፋ ዘይት ነው። ስለዚህ ሁሉም በአንድነት ከደከሙ ጥፋቱ በጋራ ምንጫቸው፣ ማለትም በፓምፑ ወይም በዘይቱ አካባቢ ይፈለጋል። አንዱ ብቻ ከደከመ ግን የዚያው ሲሊንደር ጎሚኒ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በአነስተኛ ወጪ ይታደሳል። የአውቶሞቢል ጎማ የአየር ግፊት 2 ባር ያህል ሲሆን የዚህ ዘይት ግፊት ከ200 ባር ሊበልጥ ይችላል። በመሆኑም ክንዱ መሬት ላይ ሳያርፍና ግፊቱ ሳይወጣ ቱቦ መፍታት ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል።

ብልሽቱ ከታወቀ በኋላ ስሌት ይከተላል። አንድ ተቋራጭ ባክሆውን በ3,000,000 ብር ገዝቶ ነበር እንበል። አሁን እንደቆመ ቢሸጥ 1,500,000 ብር፣ ተጠግኖ ቢሸጥ ደግሞ 2,400,000 ብር ያወጣል። ጥገናው 600,000 ብር የሚጠይቅ ከሆነ 1,800,000 ብር ስለሚተርፍ ማስጠገኑ በ300,000 ብር ይበልጣል። ካምቢዮውም ጭምር ተበላሽቶ ወጪው 1,100,000 ብር ቢደርስ ግን የሚተርፈው 1,300,000 ብር ብቻ ነው፤ እንዳለ መሸጡ ይሻላል። መለዋወጫ ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ ሥራ የሚፈታባቸው ሳምንታትም ከወጪው ጋር መደመር አለባቸው።

መኪናው የተገዛበት 3,000,000 ብር በስሌቱ ውስጥ አለመግባቱን ልብ ይሏል። ይህ ገንዘብ ቀድሞ ወጥቷል፤ መኪናው ቢጠገንም ቢሸጥም የወጣው ወጥቷል። ብዙ ሰዎች ግን «ይህን ያህል ከስክሼበት እንዴት ልተወው?» እያሉ በኪሳራ ላይ ኪሳራ ይጨምራሉ።

መሸጥ ከተመረጠም ጉድለቱን ከገዢው መደበቅ አይገባም። ወፍራም ዘይት ጨምሮ ጭሱን ለጥቂት ቀን መሸፈን ይቻል ይሆናል። የማይዝ ፍሬን ወይም በራሱ የሚወርድ ክንድ ግን ነገ በጉድጓዱ ውስጥ በሚሠራ ሰው ላይ አደጋ ያደርሳል። ጉድለቱ ተነግሮ በተገቢው ዋጋ የተሸጠ መኪና ሻጩንና ገዢውን አያጣላም።