ከካምፕ ሆኖ በሱፐር ኮምፒውተር መሥራት፦ ቁልፉን ማን ይጠብቀው?

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን «ይኼ ደግሞ ከስደተኛ ጋር ምን አገናኘው?» ሊያሰኛችሁ ይችላል። ነገር ግን እዚህ ካኩማ በየብሎኩ፣ ሩቅ አገር ካሉ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በኢንተርኔት የሚማሩ ልጆች አሉን። ስታትስቲክስ፣ ባዮሎጂ፣ የአየር ጠባይ ጥናት ወይም የኮምፒውተር ሳይንስ የሚከታተል ተማሪ አንድ ቀን ከመምህሩ «ይህን ሥራ በክላስተሩ ላይ ሠርተህ ውጤቱን ላክ» የሚል መልእክት ሊደርሰው ይችላል። ያኔ «የኔ ላፕቶፕ ራሱ በስንት ልመና ነው የሚነሳው፣ እንኳን ሱፐር ኮምፒውተር!» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ እንዳይኖር ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ላፕቶፑ አያሳስብ። የሚያሳስበው ቁልፉ ነው።

ማሽኑ የት ነው? እኛስ የት ነን?

ሱፐር ኮምፒውተር ወይም ክላስተር የሚባለው አንድ ግዙፍ ሣጥን አይደለም። በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች በፈጣን መስመር ተያይዘው እንደ አንድ ሆነው ሲሠሩ ነው። ለምሳሌ በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው «ሌንጋው» (በሴትስዋና ቋንቋ አቦሸማኔ ማለት ነው) ከሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አያይዞ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ቢሊዮን ገደማ ስሌት እንዲሠራ ታስቦ የተገነባ ነው። እዚሁ ኬንያ ውስጥም ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነው፣ አዲስ አበባም ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ለዘረመል ጥናት የሚጠቀምበትን ክላስተር አቋቁሟል። መጠኑ ከሌንጋው ቢያንስም አሠራሩ ያው ነው።

ታዲያ ልብ በሉ፣ እነዚህ ማሽኖች ፊት ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ተመራማሪ የለም። ናይሮቢ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ያለውም ሰው ቢሆን ከራሱ ጠረጴዛ ሆኖ በኔትወርክ ነው የሚገናኘው። ስለዚህ በማሽኑ በር ላይ የናይሮቢውና የካኩማው ሰው እኩል ናቸው። በመካከል የሚመላለሰው ደግሞ ጽሑፍ ብቻ ነው። እኛ ትእዛዝ እንጽፋለን፣ ማሽኑ በጽሑፍ ይመልሳል። ይህ ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ባንድል ነው የሚበላው። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ላፕቶፕ ለሌለው ደግሞ «ተርመክስ» የተባለውን ነፃ ፕሮግራም የጫነ አንድሮይድ ስልክም ይሠራል።

ስንገባ የምናገኘው «የመግቢያ ኮምፒውተር» ነው። እርሱ ላይ ፋይል ማዘጋጀትና ትእዛዝ መጻፍ እንጂ ከባድ ስሌት ማስኬድ አይፈቀድም። እዚያ ላይ ከባድ ሥራ የሚያስኬድ ሰው የራሽን ማደያው በር ላይ ጉልቻ ጎልቶ ወጥ እንደሚሠራ ሰው ነው። የሌላውን መንገድ ይዘጋል። ትክክለኛው አካሄድ፣ ሥራው ስንት ሰዓት፣ ስንት ፕሮሰሰርና ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚፈልግ በአጭር ፋይል ጽፎ ወረፋ ለሚያስይዘው ፕሮግራም ማስረከብ ነው። በብዙ ማዕከላት ይህ ፕሮግራም «ስለርም» ይባላል። ወረፋው ሲደርስ ሥራው በራሱ ይጀምራል።

ለእኛ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ሥራውን ካስረከብን በኋላ ላፕቶፑን መዝጋት እንችላለን። ሶላሩ ማታ ቢያልቅ፣ ኔትወርኩ ሁለት ቀን ቢጠፋ፣ ሥራው እዚያው ይቀጥላል። መብራት ሲመጣ ገብተን ውጤቱን ማየት ነው። በመግቢያው ኮምፒውተር ላይ የጀመርነው ጽሑፍ መስመር ሲቋረጥ እንዳይጠፋ ደግሞ «ቲመክስ» ወይም «ስክሪን» የሚባሉትን ፕሮግራሞች መጠቀም ይበጃል። መስመሩ ሲመለስ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

መንገዱ እንዴት ታጠረ?

ቀደም ባለው ጊዜ ሰዎች ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኙት «ቴልኔት» በሚባል ዘዴ ነበር። ፓስወርዱ ሳይሸፈን በግልጽ ነበር የሚጓዘው። መስመሩ ላይ ያደፈጠ ሰው እንደ ፖስት ካርድ ያነበዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርዶች በዚህ መንገድ ተሰረቁ። እዚያው የነበረው ተመራማሪ ታቱ ኡለነን በዚያው ዓመት «ኤስኤስኤች» የተባለውን ዘዴ ሠራ። በ1999 ደግሞ «ኦፕን ኤስኤስኤች» የተባለው፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ወጣ። ዛሬ በሊኑክስም በማክም ላይ ያለው እርሱ ነው። ከ2018 ወዲህ በዊንዶውስ 10 ላይም አብሮ ይመጣል።

ኤስኤስኤች በሁለቱ ማሽኖች መካከል ያለውን ነገር ሁሉ ይሸፍናል። የሳይበሩ ባለቤትም ሆነ በዚያው ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ሰው ማየት የሚችለው ትርጉም የሌለው ፊደል ብቻ ነው።

ግን ይህ የሚሠራው በእርግጥ ከክላስተሩ ጋር ከተገናኘን ነው። አስመሳይ ማሽን መካከል ቢገባስ? ለመጀመሪያ ጊዜ ስንገናኝ ማሽኑ አሻራውን ያሳየናል። ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። እኛ ራሽን ስንወስድ ጣታችንን መሣሪያው ላይ አድርገን ማንነታችን እንደሚረጋገጠው ሁሉ፣ እዚህ ተራው የማሽኑ ነው። መርማሪዎቹ እኛ ነን። ማዕከሉ ትክክለኛውን አሻራ ለተጠቃሚዎቹ ያሳውቃል። አንዱን ከአንዱ ፊደል በፊደል አመሳክሮ፣ ከገጠመ ብቻ «የስ» ብሎ መጻፍ ይገባል። ብዙ ሰው ግን ሳያነብ ነው የሚያልፈው። ሌላ ቀን «የማሽኑ መለያ ተለውጧል» የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ደግሞ ማቆም ነው። ማዕከሉ ማሽኑን አድሶ ሊሆን ይችላል፣ ሌባም ሊሆን ይችላል። ሳይጠይቁ መግባት ግን አይገባም።

ጓጉንቸሩና ቁልፉ

በፓስወርድ ከመግባት የተሻለው በቁልፍ መግባት ነው። በኮምፒውተራችን ወይም በስልካችን ላይ ሁለት ፋይሎች እንሠራለን። አንደኛው የአደባባይ ቁልፍ ይባላል። ይህን እንደ ጓጉንቸር ቁጠሩት። ለክላስተሩ እንሰጠዋለን፣ ሰው ቢያየውም ጉዳት የለውም። ሁለተኛው የግል ቁልፍ ነው። ይህ ከእጃችን አይወጣም። በኢሜይል አይላክም፣ በዋትስአፕ አይላክም፣ ለመምህርም አይሰጥም። ስንሠራው የሚስጥር ሐረግ እንድናስገባ ስንጠየቅ ባዶውን ማለፍ የለብንም። ሐረግ የሌለው ቁልፍ በወደቀበት ያነሳው ሰው ሁሉ የሚከፍትበት ነው።

ሁለት መሣሪያ ያለው ሰው ለእያንዳንዱ የየራሱን ቁልፍ ይሥራ። ስልኩ ቢጠፋ የዚያን ስልክ ጓጉንቸር ብቻ ከክላስተሩ ላይ ነቅሎ በሌላው መሥራት ይችላል። ለማዕከሉም በዚያው ቀን ማሳወቅ ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ አይባልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኤስኤስኤች መንገዱን ያጥራል እንጂ ቤቱን አይጠብቅም። የሳይበሩ ኮምፒውተር ላይ የምንጽፈውን ሁሉ የሚመዘግብ ተንኮለኛ ፕሮግራም ከተጫነ፣ ፓስወርዱ ገና ወደ መንገዱ ሳይወጣ ከኪቦርዱ ላይ ይወሰዳል። መንገዱ ምን ቢታጠር ምን ዋጋ አለው?

ይህ የፈጠራ ስጋት አይደለም። በግንቦት ወር 2020 ዓለም በኮሮና ተጨንቆ ሳለ፣ በአውሮፓ በርካታ ሱፐር ኮምፒውተሮች ተሰብረው ተገኙ። በኤድንብራ የነበረው የብሪታንያ «አርቸር» ከሜይ 11 ጀምሮ ለቀናት ተዘጋ። በጀርመንም ብዙ ማዕከላት በራቸውን ዘጉ። ሌቦቹ የኤስኤስኤችን ምስጢራዊ ጽሑፍ አልፈቱም። የገቡት ከተጠቃሚዎች በተሰረቁ ፓስወርዶችና ቁልፎች ነው። ከአንዱ ማዕከል ወደ ሌላው ተሻገሩ። በአንዳንዶቹ ማሽኖች ላይም የዲጂታል ገንዘብ ማምረቻ ፕሮግራም ተከሉ። የአርቸር ተጠቃሚዎች ሁሉ ፓስወርድና ቁልፍ እንደ አዲስ መቀየር ግድ ሆነባቸው። ጥፋት የሌለበት ተመራማሪም ከሥራው ተፈናቀለ ማለት ነው።

ፋይሉስ እንዴት ይጓዛል?

ፋይል ለመላክና ለመቀበል «ኤስሲፒ»፣ «ኤስኤፍቲፒ» እና «አርሲንክ» የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ። ፋይሉ በኤስኤስኤች መንገድ ተሸፍኖ ይጓዛል። ትእዛዝ መጻፍ ለሚከብደው «ዊንኤስሲፒ» እና «ፋይልዚላ» በመስኮት ያሠራሉ። ፋይልዚላ ላይ ግን ኤስኤፍቲፒ መምረጥን አትርሱ። አሮጌው ተራ ኤፍቲፒ እንደ ቴልኔት ፓስወርዱን በግልጽ ይልከዋል።

ለእኛ ኔትወርክ የምንመክረው አርሲንክን ነው። ሒሳቡን እንየው። መስመራችን በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢሆን፣ 100 ሜጋባይት ፋይል 13 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። 2 ጊጋባይት ግን አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኔትወርኩ አይቋረጥም ብሎ የሚምል አለ? ኤስሲፒ ከተቋረጠ ከሀ ይጀምራል። አርሲንክ ግን ከፊሉን እንዲያስቀምጥ ከታዘዘ ካቆመበት ይቀጥላል። የተለወጠውን ክፍል ብቻ መላክም ያውቃል። በዚያ ላይ ፋይሉን አስቀድሞ ማመቅ ባንድል ይቆጥባል።

ከደረሰ በኋላም ሥራው አላለቀም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሙሉ መድረሱን ሳያረጋግጡ ዋናውን ማጥፋት አይገባም። «ኤስኤችኤ256» የሚባለው ስሌት ለማንኛውም ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያለው ማኅተም ያወጣል። እዚህም እዚያም አስልተን ሁለቱ ከገጠሙ ፋይሉ ሳይጎድል ደርሷል። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ማኅተሙ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ክላስተሩንም እንደ ዘላለም ጎተራ አትዩት። በታኅሣሥ 2021 በጃፓን በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሱፐር ኮምፒውተር ላይ በቅጂ አያያዝ ፕሮግራም ስህተት 77 ቴራባይት ገደማ የምርምር ፋይል ጠፍቷል። ከፊሉ ሊመለስ አልቻለም። ጃፓን ላይ የደረሰ ሌላም ቦታ ይደርሳል። ስለዚህ ውጤታችሁን ሌላ ቦታም አስቀምጡ።

ሌላም አለ። ከእኛ ተማሪዎች መካከል የካምፑን ሰው ቃለ መጠይቅ ሰብስበው የሚያጠኑ ይኖራሉ። ያ ፋይል የጎረቤት ስም፣ የመጣበትን ምክንያት፣ አገር ቤት የቀረ ቤተሰብ ይይዛል። እንዲህ ያለው ነገር ከመጫኑ በፊት ስሞች ይውጡ፣ ፋይሉም ለብቻው ይቆለፍ። ክላስተር የብዙ ሰው ቤት ነው። የማንበብ ፈቃዱን ካልዘጋነው ሌላ ተጠቃሚ ሊያየው የሚችልበት አጋጣሚ አለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የራሱ ስልክ ያለው ሰው በስልኩ ይግባ እንጂ በሳይበር ኮምፒውተር አይግባ። የግል ቁልፍ በሳይበር ኮምፒውተር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥ። በሰው እጅ በሚዞር ፍላሽ ላይም አይሁን። ማዕከሉ ሁለተኛ ማረጋገጫ ማለትም በስልክ ላይ የሚወጣ ተለዋዋጭ ቁጥር የሚፈቅድ ከሆነ «ያስቸግራል» ሳንል እንቀበለው።

ከሁሉም በላይ አካውንት አንዋዋስ። ይህን ስንል ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። በካምፕ ሕይወት ስኳሩንም፣ ፍራሹንም፣ ቻርጀሩንም ተካፍለን ነው የምንኖረው። ወንድም «እስቲ አንዴ በአንተ ስም ልግባ» ሲል እምቢ ማለት ያሳፍራል። ግን እኮ የኤምፔሳ ፒናችንን ለወንድማችንም አንሰጥም፣ እርሱም አይቀየምም። የክላስተር አካውንት ደግሞ ከፒን ይብሳል። የሚሰጠው በአንድ ሰው ስም፣ በመምህሩ ወይም በተቋሙ ዋስትና ነው። በዚያ ስም አንድ ጥፋት ቢፈጸም አካውንቱ ይዘጋል። ዋስ የሆነውም መምህር ሌላ ጊዜ ከካምፕ የመጣ ማመልከቻ ሲያይ እጁ ይሰበሰባል። የሚዘጋው በር የሚቀጥለው ተማሪ በር ነው።

ስለዚህ አካውንት የሚፈልግ ወንድም ወይም እኅት ሲመጣ ቁልፋችንን ሳይሆን መንገዱን እናሳየው። ማመልከቻውን አብረን እንጻፍለት፣ የራሱን ቁልፍ ሲሠራ አጠገቡ እንቀመጥ፣ አሻራውን ሲያመሳክር አብረን እናንብብ። ይህ ከመዋዋስ የበለጠ ወንድማማችነት ነው።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።