ደም ላነሰው ሰው የብረት ክኒን አወሳሰድ

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው የአበው ቃል በብዙ በሽታ ላይ የሚሠራ ቢሆንም፣ ደም ማነስን በመሰለ ቀስ ብሎ በሚገባ ሕመም ላይ ግን ይበልጥ እውነት ይሆናል። ወባ የያዘው ሰው በአንድ ቀን ተንቀጥቅጦ ይተኛል፤ ደም ያነሰው ሰው ግን መታመሙን ሳያውቅ ወራት ያልፉታል። ተማሪ እንደ ሆነ ትምህርቱ አልገባው ይላል፤ ትንሹ ዳገት ያደክመዋል፤ ከተቀመጠበት ሲነሣ ራሱን ያዞረዋል፤ ዐይኑንም ያጭበረብረዋል። ሰውም ሳያውቅለት «ሰነፍ ነው» ይለዋል። ስለዚህ የዚህ ሕመም ምክንያት ምን እንደ ሆነ፣ ለእርሱም የሚሰጠው የብረት ክኒን እንዴት እንደሚወሰድና በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጠበቅ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች፣ በእነርሱም በኩል ለየቤተ ሰባቸው በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ብረት በደም ውስጥ ያለው ሥራ

የአንድ ጎልማሳ ሰው አካል በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም የሚደርስ ብረት አለው። ይህ ቢመዘን ከአንዲት ሚስማር አይበልጥም። መጠኑ እንዲህ ጥቂት ይሁን እንጂ ሥራው ታላቅ ነው። የሚበዛው ብረት የሚገኘው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ፣ ሂሞግሎቢን በሚባለው ነገር ላይ ነው። ሂሞግሎቢንም ከሳንባ ኦክስጅን እየተቀበለ ወደ አንጎል፣ ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው አካል ሁሉ ያደርሳል። የጭነት ከብት ያነሰው ነጋዴ እህሉን በጊዜው ገበያ ማድረስ እንደማይችል ሁሉ፣ ሂሞግሎቢን ያነሰው ደምም ለሰውነት የሚበቃውን ኦክስጅን ማድረስ አይችልም። ልብ ጉድለቱን ለመሙላት ሲል ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ሰውየውም ሳይሠራ ይደክማል።

አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያኽል ከኖረ በኋላ ይፈርሳል። ሰውነት ግን ከፈረሰው ሕዋስ የወጣውን ብረት አይጥለውም፤ መልሶ አዲስ ደም ይሠራበታል። በየቀኑ የሚባክነው 1 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ብረት የሚጎድለው በሦስት ምክንያት ነው ማለት ይቻላል፤ ይኸውም ደም ሲፈስ፣ የሰውነት ፍላጎት ሲጨምርና ከምግብ የሚገኘው ሲያንስ ነው። በየወሩ ደም የሚፈሳቸው ልጃገረዶች፣ ነፍሰ ጡር እናቶችና ፈጥነው የሚያድጉ ሕፃናት ከሌላው ይልቅ የሚጎዱት ስለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ የሚገባ፣ ሐኪሞች ሁክዎርም የሚሉት ትል በአንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። ይህ ትል ሙቀትና እርጥበት ያለበትን አፈር ስለሚወድ፣ ጫማ ማድረግና በመጸዳጃ ቤት መጠቀም ደምን መጠበቅ ነው።

እንጀራ የሚበላ ሰው ብረት ያጥረዋልን?

አንባቢ ይህን ጥያቄ ቢጠይቅ ትክክል ነው፤ ጤፍ ብረት ያለው እህል መሆኑ ከታወቀ ቆይቷልና። በእንደ አውሮጳ አቆጣጠር 1968 ዩንግቬ ሆፍቫንደር የተባሉ የስዊድን ሐኪም ስለ ኢትዮጵያውያን ደምና ከምግብ ስለሚያገኙት ብዙ ብረት ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ይበልጥ ሲመረመር፣ በጤፍ ዱቄት ውስጥ ከሚገኘው ብረት ብዙው እህሉ በአውድማ ላይ በበሬ እግር ሲበራይ ከአፈር የተቀላቀለ እንደ ሆነ ታወቀ። ከአፈር የመጣውን ብረት ደግሞ አንጀት በቀላሉ አይቀበለውም። በጤፍም ሆነ በአካባቢያችን በሚበላው በዳጉሳና በበቆሎ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ እርሱም ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ የፋይቴቱ መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ እናቶቻችን እርሾ ጨምረው ሊጡን ማሳደራቸው ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ለጤናም የሚጠቅም ጥበብ ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ በ2016 (በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም.) በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው ሴቶች ከመቶ 24ቱ፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆነው ሕፃናት ደግሞ ከመቶ 57ቱ ደም አንሷቸው ተገኝተዋል። እንግዲህ እንጀራ መብላት ብቻውን ዋስትና አይደለም ማለት ነው።

ክኒኑ ከመዋጡ በፊት

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ድካም ሁሉ ደም ማነስ፣ ደም ማነስም ሁሉ የብረት ጉድለት አለመሆኑ ነው። ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፤ የፎሊክ አሲድና የቫይታሚን ቢ 12 ጉድለትም ደም ያሳንሳል፤ የሳንባ ነቀርሳና ሌሎች የቆዩ ሕመሞችም እንዲሁ። በአንዳንድ የደም በሽታዎች ደግሞ ብረት በሰውነት ውስጥ ተርፎ ይከማቻል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው የብረት ክኒን መስጠት በጉዳት ላይ ጉዳት መጨመር ነው። ስለዚህ ጎረቤት በወሰደው ክኒን ራስን ማከም አይገባም። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄዶ ደምን ማስመርመር ነው የሚሻለው።

በምርመራው በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ሂሞግሎቢን ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም፣ ለነፍሰ ጡር ከ11 ግራም፣ ለጎልማሳ ወንድ ከ13 ግራም በታች ሲሆን ደም አንሷል ይባላል። ይህ ልክ ግን በባሕር ወለል አጠገብ ለሚኖር ሰው የተወሰነ ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የደጋ ሰው ሂሞግሎቢን ከፍ ይላል፤ ስለዚህ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በጫግኒ የሚኖረውንና ከእርስዋ እጅግ ከፍ ባለችው በእንጅባራ የሚኖረውን ሰው ውጤት ሐኪሙ በአንድ ልክ አይፈርድም። በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባል ሌላ ምርመራም አለ። በተለይ ወንድ ወይም የወር አበባ የቆመላት ሴት ብረት ጎድሎባቸው ሲገኙ፣ በጨጓራ ወይም በአንጀት በስውር የሚፈስ ደም እንዳለ መመርመር ይገባል፤ ክኒን ብቻ ሰጥቶ መተው ፍሳሹን ሳይደፍኑ በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

አወሳሰዱ

አንደኛ፤ መጠኑን ማወቅ። በክኒኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና በውስጡ ያለው ንጹሕ ብረት አንድ አይደለም። 300 ሚሊግራም ፈረስ ሰልፌት የተባለው ክኒን የሚይዘው ብረት 60 ሚሊግራም ነው። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ክኒንም ብዙ ጊዜ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ አለው። በየቀኑ ስንት እንደሚወሰድ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ለልጃገረዶች በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ክኒንም አለ፤ ይህን «ቶሎ ይጠቅመኛል» ብሎ በየቀኑ መዋጥ ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፤ ጊዜውን መምረጥ። ክኒኑ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ በውኃ ቢወሰድ ይበልጥ ወደ ደም ይገባል። ከሎሚ፣ ከብርቱካን ወይም ከዘይቱን ጋር ቢወሰድ ደግሞ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ይረዳዋል። ሆድን የሚያቅለሸልሽ ከሆነ ግን ጨርሶ ከመተው ከምግብ ጋር መዋጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ከቡናና ከሻይ ማራቅ። ይህ ለአገራችን ሰው እጅግ አስፈላጊ ነው። በቡናና በሻይ ውስጥ ያለው ነገር ብረቱን በአንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ክኒኑን በአቦል ውጦ በቶና የሚያወራርድ ሰው መድኃኒቱን ከሚጠቀምበት የሚያባክነው ይበልጣል። ቡናውን መተው አያስፈልግም፤ ከክኒኑም ከምግቡም አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ማዘግየት ይበቃል። ወተትና የጨጓራ ማስታገሻ መድኃኒትም እንዲሁ ይራቁ። ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባሉት መድኃኒቶች ከብረት ጋር ሲገናኙ ኀይላቸው ስለሚቀንስ፣ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

አራተኛ፤ አለማብዛት። አንድ ክኒን የረሳ ሰው በማግሥቱ ሁለት አይውሰድ። ጉበታችን ሄፕሲዲን የሚባል ነገር ያመነጫል፤ ብረት በብዛት ሲገባ ሄፕሲዲን ይጨምርና የአንጀትን በር ለአንድ ቀን ያኽል ያጠብባል። በስዊስ አገር ተደርጎ በ2017 የታተመ ጥናት፣ ብረት የጎደላቸው ሴቶች ክኒኑን በየቀኑ ከሚወስዱት ይልቅ ቀን እየዘለሉ ቢወስዱት ከእያንዳንዱ ክኒን የሚያገኙት ብረት እንደሚበልጥ አሳይቷል። ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች ቀን እየዘለሉ እንዲወሰድ ያዝዛሉ። የነፍሰ ጡር እናት ግን በታዘዘላት መሠረት ትቀጥል።

አምስተኛ፤ እስከ መጨረሻው መታገሥ። ክኒኑ ሰገራን ያጠቁራል፤ አንዳንዱን ሆድ ያደርቀዋል፤ ሌላውን ያስቀምጠዋል። የሰገራው መጥቆር ጉዳት የለውም። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና ክፉ ሽታ ያለው ሆኖ ራስ ማዞር ቢታከልበት ግን የደም መፍሰስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ብዙ ሰው ትንሽ ሲሻለው ክኒኑን ይጥላል። ነገር ግን ሂሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም የተሟጠጠው ክምችት እስኪሞላ ሦስት ወር ያኽል መቀጠል ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ በጠቀስነው የ2016 ጥናት፣ በእርግዝና ጊዜ የብረት ክኒን የወሰዱት እናቶች ከመቶ 42 ሲሆኑ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ክኒኑን መቀበል ብቻ አይበቃም፤ መጨረስም ያስፈልጋል።

ወባ ባለበት አገር

አካባቢያችን ወባ ያለበት ስለ ሆነ ይህን ማስታወስ ይገባል። በታንዛንያ፣ ፔምባ በተባለችው ደሴት ለብዙ ሺህ ሕፃናት ብረትና ፎሊክ አሲድ በየቀኑ ተሰጥቶ ነበር። በ2006 የታተመው ውጤት፣ ክኒኑን ከወሰዱት ሕፃናት መካከል የሞቱት ወይም በጽኑ ታመው ሆስፒታል የገቡት ካልወሰዱት ይልቅ ከመቶ 12 ያኽል በልጠው መገኘታቸውን አሳየ። ከዚህ በኋላ ወባ ባለበት አገር ለሕፃናት ብረት ሲሰጥ ወባን የመከላከልና የማከም ሥራ አብሮ እንዲሆን የዓለም ጤና ድርጅት መከረ። እንግዲህ በቤታችን ብረት የሚወስድ ሕፃን ካለ፣ በአጎበር ይተኛ፤ ትኩሳት በያዘው ጊዜም ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ

ለእናት መድኃኒት የሆነው ክኒን ለሕፃን መርዝ ነው። ስሌቱ ለተማሪ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ20 ሚሊግራም ጀምሮ ብረት ሊመርዝ ይችላል፤ 60 ሚሊግራም ሲደርስ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 60 ሚሊግራም ብረት ያላቸውን 4 ክኒኖች ቢውጥ ይመረዛል፤ 10 ቢውጥ ለሞት ያሰጋዋል። ክኒኑም አብዛኛውን ጊዜ ቀይና ጣፋጭ ልባስ ያለው ስለ ሆነ ለሕፃን ዐይን ከረሜላ ይመስላል። በአሜሪካም ሕፃናት በዚህ ምክንያት ይሞቱ ስለ ነበር፣ 30 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ብረት ያላቸው ክኒኖች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንዲታሸጉ በ1997 ታዘዘ፤ ከዚያም በኋላ የሟቾቹ ቁጥር እጅግ ቀነሰ።

የዚህ መርዝ ክፋቱ አታላይነቱ ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያስመልሰዋል፤ ያስቀምጠዋል፤ ደምም ሊቀላቀልበት ይችላል። ከዚያ በኋላ የተሻለው ይመስላል፤ ቤተ ሰቡም «ተመስገን» ብሎ ይቀመጣል። በዚያ ጊዜ ግን ብረቱ ጉበቱንና ልቡን እየጎዳ ነው። ስለዚህ ሕፃን ክኒን መዋጡ እንደ ታወቀ ወይም እንደ ተጠረጠረ፣ ምልክት ሳይጠብቁና ለማስመለስ ሳይሞክሩ፣ የክኒኑን መያዣ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ብረቱን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን የሚጠቅመው በጊዜ ሲደርሱ ነው።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፤ የብረት ክኒን ምግብ አይደለም፤ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒትም ልክ አለው። ዛሬውኑ ማታ የእናታችሁ ወይም የእኅታችሁ ክኒን የት እንደ ተቀመጠ ተመልከቱ። በራስጌ፣ በመስኮት ጫፍ ወይም በቦርሳ ውስጥ እንደ ሆነ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ወይም ሕፃን በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ እንዲሆን አድርጉ። እናታችሁም ቡናውን ስታፈላ፣ ክኒኑን ከቡናው በፊት ዋል አድርጋ እንድትወስደው በትሕትና አስታውሷት።