ፋንሲዳር ለምን ተሸነፈ?

በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለፋልሲፓረም ወባ በቀዳሚነት ይሰጥ የነበረው ፋንሲዳር፣ በ2004 ለምን በኳርተም ተተካ?

ከመድኃኒቱ ሁለት ቅመሞች አንዱ የሆነው ፒሪሜታሚን፣ ተህዋሱ ዲ.ኤን.ኤ. ለመሥራት የሚያስፈልገውን ዲሃይድሮፎሌት ሪዳክቴዝ የተሰኘ ኤንዛይም ያግዳል። የሰው ኤንዛይም ቅርጹ ስለሚለይ ብዙም አይነካም። ዳሩ ግን በተህዋሱ ኤንዛይም 108ኛ ስፍራ ላይ የሚገኘው ሴሪን በአስፓራጂን ሲተካ የመድኃኒቱ ቁርኝት ይላላል፤ የኤንዛይሙ ሥራ ግን ይቀጥላል።

የታይላንድ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረጉት ፒ218 የተነደፈው ይህን ማምለጫ ለመዝጋት ነው። ሞለኪዩሉ ኤንዛይሙ የተፈጥሮ ግብዓቱን ከሚይዝበት ወሰን አያልፍም። እስካሁን ለሕክምና ባይበቃም፣ የንድፉ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ተህዋሱ መድኃኒቱን ለመሸሽ ቅርጹን ቢለውጥ የገዛ ሲሳዩን ያጣል።